የማይወድቅ ነጠላ

ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ፣ የበቆሎው ማሳ አልቆ አዳዲሶቹ ቤቶች ከሚጀምሩበት ላይ፣ ልስኑ ገና ያላለቀ ባለ አንድ ክፍል ቤት ታያላችሁ። ፊት ለፊቱ ገመድ ተወጥሮ ነጫጭ ጨርቅ ይሰጣበታል። የባጃጅ ተሳፋሪዎች «ነጠላው ጋ ወራጅ» ይሉታል። የአክስቴ የሙሉዓለም ስፌት ቤት ነው። የምነግራችሁ ይህን ቤት በአንድ ቅዳሜ ሊያዘጋው ስለ ነበረ ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ጥፋተኛውን ስትፈልጉ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የኮሌጅ መምህር፣ እናቴ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ሁለቱም ለሥራ ብለው ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው። ለቅሶ ሲሄዱ «አንቺ ቤት ሁኚና አጥኚ» እባላለሁ። ነጠላ የምለብሰው ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ብቻ ነበር፤ እሱንም እናቴ በር ላይ አቁማ ራሷ ታለብሰኛለች። ግን መሳል እችል ነበር። መሳል የሚችል ሰው ያየውን ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል።

አክስቴ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ኮሌታ ሰፍታለች። ኮሌታ ብቻ። «አንድ ሸሚዝ ከነእጅጌው ሰፍቼ ሳላይ ወጣሁ» ትላለች። ከፋብሪካው ስትወጣ ያሰበችው ነገር ቀላል ነው። ነጠላ የሚያረጀው ከመሐሉ ነው፤ ይሳሳል፣ ይበሳሳል። ዳርና ዳሩ ያለው ጥለት ግን ገና ደህና ነው። ሰው ግን መሐሉን አይቶ ሁሉንም መወልወያ ያደርገዋል። አክስቴ እንፍራንዝ ድረስ እየሄደች አሮጌ ነጠላ ትገዛለች፣ በእንዶድ ታጥባለች፣ የሳሳውን አውጥታ ከደህናው የሕፃናት ቀሚስና የሴቶች ሸሚዝ ትሰፋለች። ቁርጥራጩ የፀጉር ማሰሪያ ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈው ትራስ ውስጥ ይገባል። የምትጥለው ነገር የላትም።

ችግሩ አንድ ነበር። የሞተ ሰው ልብስ ለሌላ ይሰጣል፣ ይሸጣልም። ስለዚህ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ «የማን ነበር? የሟች እንዳይሆን ብቻ» ይላል። አብዛኛው ይህን ብሎ ይሄዳል።

በዚህ መሐል ሕሊና መጣች። ሕሊና ሙሽራ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ሠርጓ ላይ የማይጠራ ካህን አልነበረም።

«እትዬ ሙሉዓለም፣ ለስድስቱ ሚዜዎቼ ነጠላ እፈልጋለሁ» አለች። «አዲስ አይደለም፣ የእናንተን። አንድ ቀን ተለብሶ ሳጥን ውስጥ የሚቀር ነገር ሰልችቶኛል። ግን ሲጨፍሩ የማይወድቅ ይሁን። ያለፈው የጓደኛችን ሠርግ ላይ ከመጨፈር ይልቅ ነጠላ ስናነሣ ነው የዋልነው።»

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ነጠላው አስቀድሞ ታጥፎ ይሰፋ፣ ትከሻ ላይ ጠቅ ብላ የምትዘጋ የማትታይ ቁልፍ ትኑረው፤ ሚዜዋ እንደ ሹራብ በራሷ ታጥልቀው፣ ቁልፏን ትዝጋ፣ ትጨፍር። «የማይወድቅ ነጠላ» ብዬ ስም ሳይቀር አወጣሁለት።

አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ። «አንች ልጅ! ይህ ሠርግ ካማረልን የሟች ልብስ የሚለኝ ሰው አይኖርም። ካላማረ ግን ፋብሪካዬ እመለሳለሁ። ኮሌታው ይጠብቀኛል።»

ሳቀች። እየቀለደች እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሠርጉ እሑድ ነው። አክስቴ ማክሰኞ ዕለት ነጠላ ልትገዛ እንፍራንዝ ሄደች። ታጥበው የተዘጋጁትን ስድስት ነጠላዎች ለእኔ ትታ «ጥለቱን አሳምሪው» አለችኝ። ከአንድ ነጠላ አንድ ብቻ ስለሚወጣ መሳሳት አይቻልም። ትምህርት ቤት ዕረፍት ስለነበር ከጧት እስከ ማታ ስፌት መኪናው ላይ ዋልሁ።

አስተጣጠፉን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሰባታሚት በኩል በባጃጅ ሳልፍ ሰባት ሴቶች በመንገዱ ዳር ተከታትለው ሲሄዱ አይቻለሁ። ነጠላቸው ከሌላ ጊዜው ይለያል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገታቸውን ዞሮ ትከሻቸው ላይ ዐርፏል። ፊታቸው በጥለቱ መሐል እንደ ሥዕል ይታይ ነበር። አንዳቸውም አያወሩም። ባጃጁ እስኪርቅ ዞሬ አየኋቸው፤ ቤት ስደርስም ሣልኋቸው። ለሚዜዎቹ ምን ዓይነት አለባበስ ልስፋ ብዬ ሳስብ ያ ሥዕል መጣልኝ። ደግሞ ፎቶ ላይ የሚወጣው ከደረት በላይ ነው፤ ጥለቱ ታች ቢሆን ማን ያየዋል? ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

ስድስቱንም እንዲያ ሰፋሁ። ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገት ዙሪያ።

አክስቴ ዐርብ ዕለት ከነአቧራዋ መጣች። ነጠላዎቹ ተተኩሰው፣ ተጣጥፈው፣ በወረቀት ተጠቅልለው ነበር።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች።

«ነገ ሚዜዎቹ ላይ ታዪዋለሽ። ላስደንቅሽ ነው የምፈልገው።»

ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም። እውነትም አስደነቅኋት።

ሚዜዎቹ እንዲለኩት ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ግድም የሙሽራዋ ቤት ደረስን። ቤታቸው ለሐይቁ ቅርብ ነው፤ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ አንዱ ሰውዬ ድምፅ ማጉያ ይሞክራል። ሕሊና ጓዳ ውስጥ ፀጉሯን እየተሠራች ነው። ስድስቱ ሚዜዎች ሌላ ክፍል ገብተው ለበሱ። ቁልፏ ጠቅ ባለች ቁጥር ይስቃሉ። ብሌን የምትባለው ሚዜ መስታወት ፊት ትከሻዋን እየነቀነቀች «አልወደቀም! ኧረ ብወድቅ እንኳ እሱ አይወድቅም!» አለች።

አክስቴ ያን ጊዜ ከጓዳ፣ ከሕሊና ጋር ነበረች። ሚዜዎቹ ተሰልፈው ወደ ዳሱ ወጡ። እኔ እልልታ ጠበቅሁ።

ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቀና አሉ። ቢላዎቹ ቆሙ። እልል ያለ የለም።

በዚያችው ደቂቃ የሙሽራዋ አያት እማሆይ በግቢው በር ገቡ። ሐይቁን በጀልባ ተሻግረው መምጣታቸው ነው፤ መቋሚያቸውን ይዘዋል፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ገና እርጥብ ነው። ስድስት ልጃገረዶች ጥለታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ተሰልፈው ሲመጡባቸው አዩ። ከስድስቱ መሐል ሙሽራዋ የለችም።

መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ሞተ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሕሊና የት አለች? ልጄ የት አለች? አትደብቁኝ!»

መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዲት ሴት «ኧረ ደህና ናት እማሆይ» እያለች ሮጠች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከድንጋጤው እንጃ፣ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሕሊና ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ተበትኖ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«እማሆይ! አለሁ! ምን ሆነው ነው?»

እማሆይ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሟት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሚዜዎቹ ዞሩ።

«ታዲያ እነዚህ ለማን ነው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰባታሚት ያየኋቸው ሴቶች ከለቅሶ ነበር የሚመጡት።

የሙሽራዋ አክስት ወይዘሮ አስካል ከወዲያ ተነሡ። «እኔ ብዬ ነበር! አሮጌ ልብስ ሠርግ ቤት አይገባም ብዬ ነበር! የሟች ልብስ እየለቀሙ ሰፍተው፣ ይኸው ልብሱ ራሱ ለቅሶውን ይዞት መጣ!»

«የሟች ነው እንዴ?» አለች አንዷ ሚዜ፤ ቁልፏን በፍጥነት ትፈታ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሏት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ያቺ የኮራሁባት ቁልፍ እንዲህ ቶሎ እንደምትከፈት አላውቅም ነበር።

አክስቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፋብሪካ ስትሠራ ማታ ማታ ስትገባ የነበራት ፊት ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላየው ነው ያመጣሁት» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወዲያው አልተናገርሁም። ዝም ብል እንደሚያልፍልኝ ዐውቄአለሁ። ልጅ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። የድምፅ ማጉያው ሰውዬ «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» ሲል ይሰማኛል። ሁለተኛ ጊዜ «አንድ፣ ሁለት» ሲል አፌ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት። አክስቴ እንፍራንዝ ነበረች። ላያቸው ስትል እኔ ነኝ የከለከልኋት።»

እማሆይ አዩኝ። «አንች ማን ነሽ?»

«ረድኤት እባላለሁ። የእህቷ ልጅ ነኝ።»

«ይህን አለባበስ ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ሰባታሚት መንገድ ላይ ሴቶች ለብሰውት አየሁ። ከለቅሶ እንደሚመጡ አላወቅሁም።» ከዚያ ባልል ይሻለኝ የነበረውን ጨመርሁ። «በጣም ያምሩ ነበር።»

ወይዘሮ አስካል «በስመ አብ!» አሉ። እማሆይ ግን ወደ ጥለቱ ዞረው አዩ።

«ያምራል። ውሸቷን አይደለም» አሉ። «ሐዘንተኛ የሚለብሰው እኮ ሊያምርበት አይደለም፤ ሰው አይቶት ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግለት ነው። አንች ማማሩን አየሽ፣ የሚናገረውን ግን አልሰማሽም።» መቋሚያቸውን አነሣሁላቸው። «አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅ። ሙሉዓለም፣ እነዚህ የማን ነበሩ? አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

አክስቴ አንደኛውን አነሣች፤ የምትገዛውን ነጠላ ሁሉ በጥለቱ ታስታውሳለች። «ይህ የአንዲት አስተማሪ ነው፤ ጡረታ ወጥታ አዲስ ስትገዛ ሸጠችልኝ። ይህ የአንዲት እንፍራንዝ ጠጅ የምትሸጥ ሴት ነው፤ ባለፈው ሳምንትም አይቻታለሁ። ይህ የእህቴ ነው፣ የእሷ እናት።» ወደ እኔ አመለከተች። አምስቱን እንዲህ ቆጠረች፤ አምስቱም ባለቤቶች በሕይወት አሉ። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

«ይህን ያመጣችልኝ ሴት የጎረቤቴ ነው አለችኝ።»

«ጎረቤቷ ማን ናት? ደህና ናት?»

«አልጠየቅሁም፣ እማሆይ።»

«ይህ ይቅር» አሉ እማሆይ። «አምስቱን ፈትተን እንገልብጣቸው። ገና ጧት ነው። መርፌ ያለው ሰው ይምጣ።»

ብሌን የለበሰችው ስድስተኛውን ነበር። አውልቃ እየሰጠች «ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ እኔን ነው የሚያገኘኝ» ብትል ከዳሱ ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ተሰማ።

እማሆይ ዳሱ ጥግ ቁርበት ላይ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሲሰፉ ኖረዋል። ስፌቱን በምላጭ እንተረትራለን፤ ጥለቱን ወደ ታች እናዞራለን፤ አዲሱን አስተጣጠፍ እሳቸው በጣታቸው ያሳዩናል። መኪናው ስፌት ቤት ስለነበር ሁሉም በእጅ ነው። አክስቴ፣ ሁለት ሽንኩርት ላጮች፣ ሕሊና ራሷ ሳትቀር ሰፉ። ፀጉር ሠሪዋ ሙሽራዋን ፍለጋ መጥታ፣ ተናዳ፣ ትንሽ ቆይታ እሷም መርፌ ያዘች።

እማሆይ አይቸኩሉም። እየሰፉ ያወሩኛል።

«ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ እንዴት ትለብሻለሽ?»

«መስቀለኛ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ ናት የምታለብሰኝ።»

«ለብሰሻላ፣ አልተማርሽም። ትልቅ ሰው ፊት ስትላላኪስ? ታደገድጊያለሽ፤ ወገብ ላይ ታጥቀሽ። ለደስታ ጥለቱ ታች ይወርዳል፣ እንዲወዛወዝ። ለሐዘን ወደ ላይ ይወጣል። ጨርቁ አንድ ነው። ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ከሩቅ የሚያወራው እሱ ነው።» ስፌቴን አዩ። «ይህ ስፌት ነው ወይስ የዶሮ እግር? ፍችው።»

ፈታሁት። ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አምስቱ አለቁ። የብሌን ቀረ። አክስቴ ከእንፍራንዝ ያመጣቻቸው ገና አልታጠቡም። ማንም አልላከኝም፤ ባጃጅ ይዤ ቤት ሄድሁና የጥምቀቱን ነጠላዬን ከሣጥን አወጣሁ። አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለብሼዋለሁ። እናቴ ከማድ ቤት «ወዴት ነው በእሱ?» አለች። «ሠርግ» አልኋት። አልዋሸሁም።

ያሮጌውን ነጠላ መሐል ስቆርጥ ሁለቴ አስቤ አላውቅም። አዲሱን ከአምስቱ ጋር እንዲስተካከል ስቆርጥ መቀሱ የከበደኝ መሰለኝ። ሥራችን አሮጌውን አዲስ ማድረግ ነው፤ በዚያን ቀን አዲሱን እንደ አሮጌ ቆረጥሁት። አክስቴ አየችኝና «ኧረ አንች!» አለች፤ ግን አላስጣለችኝም። ዐሥር ሰዓት ላይ ስድስተኛው አለቀ። ብሌን አጥልቃው ዳሱን ዞረች፤ ጥለቱ ታች ሲወዛወዝ ከሴቶቹ መሐል አንዷ እልል አለች። ጧት የጠበቅሁት እልልታ ያ ነበር።

ሠርጉ አለፈ። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፤ አንዲት ነጠላ ብቻ ተፈታች፣ እሷም እኔ የሰፋኋት ናት። ወይዘሮ አስካል ለጠየቃቸው ሁሉ «ከአሮጌ ነው የተሠራው፣ የእያንዳንዱ ባለቤት ግን ይታወቃል፤ እማሆይ ራሳቸው ጠይቀዋል» ይሉ ነበር። እማሆይ ሳይሆኑ እሳቸው ራሳቸው የጠየቁ እስኪመስል። እናቴ የጥምቀት ነጠላዬን ብሌን ላይ አየች፤ ሳምንት ሙሉ ልብሴን ራሴ አጠብሁ።

እንግዲህ አንባብያን፣ በተለይ የልብስ ሥራ ልትጀምሩ የምታስቡ እህቶቼ፣ ከዚህ የወሰድሁትን ልንገራችሁ። ምክር ለመስጠት ዕድሜዬ አይፈቅድም፤ ግን ሥራችን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ተለውጧል። ያን ቅዳሜ ሊያስለቅሰን የነበረው «የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። አሁን ደንበኛ ሳይጠይቀን እኛ እንነግረዋለን። በምንሰፋው ልብስ ሁሉ ላይ ትንሽ ወረቀት እናንጠለጥላለን፤ ነጠላው የማን እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ተሸጠ በእጄ እጽፍበታለሁ። ሰዎች ልብሱን ሳይለኩ በፊት ወረቀቱን ያነብባሉ። አንዳንዶቹ የሚገዙት ለወረቀቱ ይመስለኛል። የሟች ልብስም ቢመጣ አንደብቅም፤ ቤተሰቡ ከወደደ የልጅ ልጅ መታቀፊያ አድርገን እንመልስለታለን፤ ለሌላ ግን አንሸጥም። ጨርቅ ሲቆረጥ ከጨርቅ በላይ የሆነ ነገር እንደሚቆረጥ የማያውቅ ሰው፣ መቀስ ባያነሣ ይሻለዋል። ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ስድስተኛው ነጠላ ግን መደርደሪያችን ላይ ቀርቶ ነበር። አክስቴ ልትሸጠውም ልትጥለውም አልቻለችም። ወር ያህል ቆይቶ እንፍራንዝ ስትሄድ አብሬአት ሄድሁ። ገበያው ውስጥ ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴት ጋ ወሰደችኝ። ነጠላውን ከቦርሳ አወጣን።

«እትዬ፣ ይህ የጎረቤቴ ነው ብለሽ ሰጥተሽኝ ነበር» አለች አክስቴ። «ጎረቤትሽ ማን ናት? በሕይወት አለች?»

ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«ምነው፣ ገደላችሁኝ እንዴ? የእኔ ነው እኮ! የራሴን ነጠላ ገበያ አወጣሁ ልበል? አፈርሁና የጎረቤቴ ነው አልሁሽ።»

አክስቴ ጎመኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ወር ስንፈራው የነበረው ሟች ከፊታችን ቆሞ ጎመን ያስራል።

«ስምሽን ወረቀቱ ላይ ልጻፈው?» አልኋት እስክሪብቶዬን አውጥቼ።

«ወግጅ! ባሌ ነጠላዬን መሸጤን ባሕር ዳር ሄዶ እንዲያነብብ ነው?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

እጇ ላይ የነበረውን ጎመን አስራ ጨረሰች፤ አሰበች።

«ባለቤቷ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ» አለች።

እንዲያ ብዬ ጻፍሁ።